ጉልቤ፣ ዘቢቡ እና ያልሞከርኩት ሁሉ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን። ስለዚህ ቤቱ እንደ ወርቅ ጸዳ። መስኮት ጠረግኩ፣ የማንኪያ መሳቢያ አስተካከልኩ፣ ስድስት ወር ያልነካሁትን መደርደሪያ አራገፍኩ... መጻፍ ብቻ ነው የቀረኝ።

ሻዬን ይዤ ቁጭ ስል አንድ ነገር ጎደለኝ። ድምፅ። ጉልቤ ጸጥ ካለ ወይ ተኝቷል ወይ ጉድ እየሠራ ነው። ምንጣፉ ላይ የለም። ሶፋው ሥር የለም...

በረንዳ! ጭንቅላቱን በብረቱ መሃል አሾልኮ፣ ማዶ ያለችውን እርግብ ሊይዝ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ! አንዱ ትከሻው ወጥቷል፣ ሁለተኛውን እያስከተለ ነው። ከጫማ ሳጥን የማይበልጥ ውሻ «ጉልቤ» ያልኩት ለቀልድ ነበር። እሱ ግን አምኖበታል።

የኋላ እግሮቹን አፈፍ አደረግኩ። ብስበው አይመጣም። ያኔ ትዝ አለኝ... ከአራት ዓመት በፊት በራሴ የመጽሔት ዓምድ ላይ የወጣ ብልሃት፦ «የተቀረቀረ ነገር ዘይት ሲቀባ ይወጣል።» የወጥ ቤቱ መስኮት አጠገቤ ነው። እጄን ሰድጄ ጠርሙሱን አነሳሁ፣ አፈሰስኩበት።

እውነትም ወጣ። ግን ወደ ውጭ!

ዘይት የተቀባ ውሻ ይዞ ማቆየት ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። ሙልጭ፣ ሙልጭ... ነፍሴ ከሥጋዬ ልትለይ። ጮህኩ። ከታች ሱቅ ያለው አናጢ ቀና ብሎ አየን።

«ልቀቂው፣ እቀልበዋለሁ!»

«አልለቅም! ውጣና ያዝልኝ!»

ሦስት ፎቅ በሩጫ ወጣ። በጎን ባለው ክፍተት እጁን አውጥቶ፣ የውሻዬን ደረት ከውጭ በኩል ገፍቶ፣ ጆሮውን አጥፎ፣ እንደ ደብዳቤ መልሶ ከተተው። ጆሮው ግን ብረቱ ላይ ተቀደደ። የእንስሳት ሐኪሟ ጋ አራት ስፌት። በዘጠኝ ቀን መልሺው ብላለች።

አናጢው እጁን እየጠረገ፦ «ማነው ዘይት ቀቢው ያለሽ?»

«እ... መጽሔት ላይ አንብቤ ነው።»

«እነሱ ደግሞ! ባለቤቴም ታነባቸዋለች። ይሄን ቅዠት የሚጽፈውን ሰው አንድ ቀን ባገኘሁት።»

ሻይ ልቅዳልህ አልኩት።


እሑድ፣ የካቲት 9

አሥራ ሁለት እንቁላል ለአንድ ውሻ። ርካሽ ነው።

ከገበያ ስንመለስ ጉልቤ ቀድሞኝ ሊፍቱ ውስጥ ዘሎ ገባ። እኔ ገና ከጎረቤት ጋር የሦስተኛ ሰው ሐሜት ላይ ነኝ። በሩ ሲዘጋ ዞር አልኩ... ውሻው ውስጥ፣ እኔ ውጭ፣ ማሰሪያው በመሃል። ሊፍቱ ቢነሳ አንገቱ...

አላሰብኩም። እጄ ነው ያሰበው። የእንቁላሉን ቅርጫት በሩ መሃል ወረወርኩት። ቋቋቋ! በሩ ነክሶት ቆመ፣ ተከፈተ። ጉልቤ ምንም እንዳልተፈጠረ ወጣና እንቁላሉን መላስ ጀመረ። እኔ ደረጃው ላይ ዘጭ። 

ጎረቤቴ፦ «ወይ ጉድ... ቅርጫቱ አዲስ ነበር እኮ።»

ሰው እንዲህ ነው።


ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አሁንም ማስረከቢያ ቀን። ዋናውን ጽሑፍ (ስለ ሊፍቱ፣ ትንሽ አጋንኜ... እሺ ብዙ አጋንኜ) ጨረስኩ። የቀረኝ ከታች ያለችው ሳጥን ናት። የአንባቢ ብልሃት። በየሳምንቱ አንባቢ የላከውን አንድ ብልሃት መርጬ አወጣለሁ፣ መጨረሻው ላይ ያቺን ቃል እጨምራለሁ፦ «እኔም ሞክሬዋለሁ።»

ዘጠኝ ዓመት። በየሳምንቱ። ስንት ይሆናል? አምስት መቶ አይጠጋም?

ስንቱን ሞከርኩ?

...

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ልዋሽ? አንድም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አንድም! (የባለፈው ማክሰኞ ዘይት ድንጋጤ እንጂ ሙከራ አይደለም።) መጀመሪያ ላይ ጊዜ አጣሁ። ከዚያ ለመድኩት። ከዚያ ሰው «ሞክሬዋለሁ» የምትለዋ ሴትዮ እያለ በመንገድ ያቆመኝ ጀመር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ።

እናቴ ጠዋት ደውላ ነበር። ገና «ሃሎ» ስትል ድምፅዋ ቆጣ ብሏል።

«የወይን ጠጅ ነጠብጣብ በሆምጣጤና በጨው ይለቃል ብለሻል?»

«አንባቢ ናት ያለችው እማ።»

«ሞክሬዋለሁ ብለሻል።»

«እ...»

«ነጠብጣቡ አለ። ጨርቁ ነው የለቀቀው። ጣቴ በስቶት ወጣ። የኔ እመቤት፣ እኔ አሳድጌሻለሁ፣ አንቺ ሸሚዝሽን ራስሽ አጥበሽ አታውቂም። መቼ ሞከርሽው?»

«ስልኩ እየተቆራረጠ ነው እማ...»

«ይቆራረጥ!» ዘጋችው። ስልኩን አይደለም የዘጋችው፣ እኔን ነው።

ለዚህ ሳምንት አንዲት ብልሃት ብቻ አለችኝ። ከባለ ሮዝ ፖስታዋ። ይህች ሴት ፊቷን አይቼው አላውቅም፣ ስሟን አትጽፍም፣ በየወሩ በሮዝ ፖስታ ትልካለች። ብልሃቶቿ ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንግዳ እየሆኑ ነው። ባለፈው ወር ጫማ ሌሊቱን በሩዝ ውስጥ መቅበር። የዛሬዋ፦ «ለውሻዎ ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ ዘቢብ ቢሰጡት ፀጉሩ እንደ መስታወት ያበራል።»

ደስ ትላለች። አጭር ናት። ውሻም አለኝ። ጻፍኩ፦ «እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ጉልቤዬ ፀሐይ ላይ ሲቆም ዓይን ያጭበረብራል።»

ላክሁ። እፎይ።


ረቡዕ፣ የካቲት 12

ገጹ ለመጨረሻ እይታ መጣልኝ። «ጉልቤዬ ፀሐይ ላይ ሲቆም።» ቀና ብዬ ጉልቤን አየሁት። ጆሮው የተሰፋ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ የበር መጥረጊያ የመሰለ። እሱም አየኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። እንግዲህ ቢያንስ አንዷን እውነት ላድርጋት። ነገ ጠዋት እሞክራለሁ። ዘቢብ ገዝቼ መጣሁ።

በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ። ደስ አለኝ እኮ! ቅዱስ የሆንኩ መሰለኝ።


ሐሙስ፣ የካቲት 13

 ከየት ልጀምር?

ከጠዋቱ። ዘቢቡን በመዳፌ ሰጠሁት። ላፍ ላፍ አድርጎ ጨረሰ፣ መዳፌን ላሰ፣ ሌላ የለም ወይ ብሎ አየኝ። «ለማማር ነው አይደል የኔ ጌታ?» ጨመርኩለት! ከዚያ ስፌቱን ልናስፈታ ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ። ሦስተኛውን ክር እየቆረጠች ሳለ እኔ አፌን አላርፍ ብሎኝ፦

«ዶክተር፣ ከአሁን በኋላ ፀጉሩን ታይዋለሽ። ዘቢብ አስጀምሬዋለሁ።»

መቀሷ ቆመ።

«ምን አስጀመርሽው?»

«ዘቢብ። አንድ እፍኝ...»

«መቼ?»

«አሁን፣ ከቤት ስንወጣ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ...»

«ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው! ኩላሊት ነው የሚያጠፋው! ያዢው፣ አጥብቀሽ ያዢው!»

ክው አልኩ። እጄ ውሻውን ይዟል፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። የማስመለሻ መርፌ ወጋችው። ጠበቅን። ጉልቤ አንዴ አየኝ፣ አንዴ እሷን አየ፣ ምን አጠፋሁ የሚል ፊት... ከዚያ አወጣው። ሐኪሟ ተንበርክካ በጓንት ቆጠረች። ሃያ ሦስት ዘቢብ። ምን ያህል እንደቀረ አይታወቅም። ለሁለት ቀን ግሉኮስ ተተክሎለት እዚያው ይቆያል፣ ቅዳሜ ደሙ ይመረመራል።

«ይተርፋል?»

«ቶሎ ነው የመጣሽው። ግን እስከ ቅዳሜ ምንም አልልሽም።» ከዚያ ጓንቷን እያወለቀች፦ «ለመሆኑ ማን ነው ይሄን ያለሽ?»

«መጽሔት ላይ...»

«የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፈው?»

የጉልቤን ጭንቅላት ዳበስኩ።  

«እኔ ነኝ» አልኩ።

በሕይወቴ የተናገርኩት ከባድ ቃል ይኼ መሰለኝ። ግን ወዲያው ከሱ የባሰ መጣብኝ። ገጹ! ዛሬ ሐሙስ ነው። ማተሚያ ቤት ገብቷል! ስድስት ሺህ ቅጂ! ስድስት ሺህ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያምነኝ... ስንቱ ውሻ አለው?

ጉልቤን ሳምኩት። እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ማተሚያ ቤት ስደርስ ታትሞ አልቋል። ገጽ አሥራ አራት ክምር ላይ ክምር። ዋና አዘጋጁም እዚያ ነበር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። ነገርኩት። ሁሉንም። አለመሞከሬንም።

ትኩር ብሎ አየኝ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጋሼ።»

«ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ። ስለ ዘቢቡ በሚቀጥለው ሳምንት ማረሚያ እናወጣለን። ታች፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ውሻው የሞተበት ሰው ማረሚያ ያነባል?»

«አንቺ ልጅ፣ ስድስት ሺህ ቅጂ ልቅደድ ነው የምትዪኝ?»

ከማሽኑ ጀርባ ድምፅ መጣ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እሱ!» የማሽኖቹ አለቃ ናት፤ ሁላችን እትዬ ማሽን የምንላት፣ እስከ ክርኗ ቀለም የሆነች ሴት። «እኔ ሁለት ውሻ አለኝ። አንዱ ምን እንደሚበላ አይታወቅም። ልጄ፣ ጥቁር ማርከር ይምጣ። በእጅ እንሰርዘዋለን።»

«ስድስት ሺህ?»

«እጅ የለንም?»


ዓርብ፣ የካቲት 14

ስንሰርዝ ዋልን። ሒሳብ ሹሟ፣ ስልክ ተቀባይዋ፣ ፎቶ አንሺው፣ ጥበቃው፣ በመጨረሻ ዋና አዘጋጁም ኮቱን አውልቆ። አራት መስመር፣ ገጽ አሥራ አራት፣ ቀጣይ። አራት መስመር፣ ገጽ አሥራ አራት፣ ቀጣይ። ጣቴ ቀና አይልም።

ሳቅ በሳቅ ነበር ደግሞ። ፎቶ አንሺው አንዱን ሲሰርዝ የአንዲት ተዋናይት ፎቶ ላይ ጢም ሠራ። ስልክ ተቀባይዋ በየመቶው «እኔም ሞክሬዋለሁ!» እያለች ትጮኻለች። እንዲህ ዓይነት መሥሪያ ቤት ሚስጥር አያውቅም። እትዬ ማሽን ብቻ ስትሠራ አትስቅም። «ማርከሩ ስስ ነው» አለች አንዴ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮት ቀና አድርጋ። ማንም አልሰማትም። እኔም ሰምቼ አልሰማሁም።

በመሃል ሁለቴ ክሊኒክ ሮጥኩ። ጉልቤ ግሉኮሱን እግሩ ላይ አድርጎ እንደ ባለሥልጣን ተጋድሟል። ሲያየኝ ጭራውን አንድ ጊዜ ብቻ አወዛወዘ። አንድ ጊዜ! ሁልጊዜ እኮ ከወገቡ በታች ነው የሚወዛወዘው። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን ተናፍጬ ተመልሼ ሰረዝኩ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ይህን ቀን እንዴት ነው የምጽፈው? በአንድ ቀን የሰው ዕድሜ ያልፋል?

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ክሊኒክ ነኝ፣ የደሙን ውጤት እየጠበቅኩ። እናቴ ደወለች።

«ሥራችሁን አየሁ።»

«ሰረዝነው እማ።»

«አዎ ሰረዛችሁት። መጽሔት ሻጩ ጋ ቆሜ ነው የማወራሽ። ሰው ሁሉ መጽሔቱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ቆሟል። ጠንቋይ ቤት ወረፋ የያዙ ነው የሚመስሉት። ጥርት ብሎ ይነበባል እኮ ልጄ!»

«ምን?!»

«ሰው የተጻፈውን ትቶ የተሰረዘውን ነው የሚያነበው። አንዷ ደግሞ ‹ጠቃሚ ነገር ባይሆን አይደብቁትም ነበር› ብላ ዘቢብ ልትገዛ ሄደች። እኔ ‹ተይ› ብላት ‹አንቺ ማነሽ› አለችኝ። እናቷ ነኝ ማለት አፈርኩ።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! እኛው ራሳችን ከሥሩ አስምረንበታል ማለት ነው። ቅዳሜ ቀን፣ ሱቁ ሁሉ ክፍት፣ ውሻው ሁሉ ቤቱ...

ማረሚያ አይደርስም። ስልክ ለስንቱ ይደወላል? ክሊኒኩ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል፣ ያ ድምፁ ጎርናና የሆነው አዘጋጅ የቅዳሜ ጠዋቱን ቀጥታ ዝግጅት ይዞ «ደውሉልን፣ ተጫወቱ» ይላል። ቁጥሩን ሲያነብ እጄ ደወለ። እንደ እንቁላሉ ቀን፣ እጄ ነው ያሰበው።

አስገቡኝ።

«ዛሬ ‹ሞክሬዋለሁ›ን ራሷን ነው ያገኘናት! ምን ብልሃት ይዘሽልን መጣሽ?»

«ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው» አልኩ። «መጽሔታችን ላይ የተሰረዘውን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ አትስጡ። የሰጣችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ሩጡ።»

«ግን... ሞክሬዋለሁ ይላል እኮ!» ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

ልቀጥል? አልቀጥል? የዋና አዘጋጁ «ለማንም እንዳትነግሪ» መጣብኝ። ዘጠኝ ዓመት መጣብኝ። መስታወቱ ማዶ ጉልቤ ተጋድሟል። እውነቱን ካልነገርኩ የትኛዋን ያምናሉ? የትናንቷን እኔን ወይስ የዛሬዋን?

«አልሞከርኩትም ነበር። ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩትን አንዱንም አልሞከርኩም። ዋሽቻችሁ ነው። ይሄን አንዱን ብቻ ሞከርኩ፣ ውሻዬም ይኸው ግሉኮስ ላይ ነው።»

 አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... ሌላ መስመር ላይ ሰው አለ። ሃሎ?»

የሴት ድምፅ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ዕድሜ ያለው። እያለቀሰች።

«እኔ ነኝ ዘቢቡን የላክሁት። በሮዝ ፖስታ የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ወንበሩን ያዝኩ።

«እርስዎስ ሞክረውታል እሜቴ?» አላት አዘጋጁ።

«ውሻ የለኝም እኮ የኔ ልጅ። ድመትም የለኝም። እሷ ምንም ብልክላት ‹ሞክሬዋለሁ› ትላለች። መጀመሪያ የእውነቴን ነበር የምልከው። በኋላ ጠረጠርኩ። አንድ ቀን እንኳ ‹ይሄስ አይሠራም› ትል እንደሆነ ብዬ ከራሴ እየፈጠርኩ መላክ ጀመርኩ። ጫማ በሩዝ ቅበሩ አልኩ፤ ቀበርኩ አለች! ዘቢብ ማንን ይጎዳል ብዬ... አፈር ልብላ!»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ሁለቱንም አደረግኩ፣ በቀጥታ ሥርጭት።

አላለቀም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመ። የሰባት ቁጥር እዚህ ሰፈር አያልፍም! በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ ጥጃ የሚያህል ውሻ ታቅፎ ወረደ። ከኋላው ተሳፋሪው እየተንጋጋ።

«ዘቢብ በልቷል!» አለ። «ጠዋት ከመጀመሪያ ዙር መልስ ሰጠሁት። ሬዲዮ የሰማሁት እየነዳሁ ነው! ሚጢጢዬን አድኑልኝ!»

ጥጃው ስሙ ሚጢጢ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው፤ ከሰዎቹ እየለቃቀምኩ ነው የገጣጠምኩት። ሹፌሩ ሬዲዮውን ሲሰማ መንገድ ዳር አቆመና ተነስቶ «ወገኖቼ፣ ውሻዬ እየሞተብኝ ነው። ቤቴ ሁለት መታጠፊያ ነው። የሚቸኩል ይውረድ፣ ይቅር ይበለኝ» አላቸው። ማንም አልወረደም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት «ምን ትጠብቃለህ፣ ንዳው!» ብላ ጮኸችበት።

የሐኪሟ ረዳት ቁርስ ላይ ናት። «አንቺ ነይ፣ ጭንቅላቱን ያዢ!» እኔን ነው። ያዝኩ። መርፌው ሠራ። ሚጢጢ ሆዱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ጫማዬ ላይ አራገፈው። ዘቢብ፣ ዘቢብ፣ ዘቢብ... በዕድሜዬ እንደዚህ የተደሰትኩበት ትፋት የለም!

ቀና ስል ደጃፉ በተሳፋሪ ሞልቷል።

«እሷ ናት እንዴ?»

«ድምፅዋ ነው። ያቺ ሬዲዮ ላይ።»

«አንቺ! ፀጉሬን በእንቁላልና በሙቅ ውሃ ታጠቢ ብለሽኝ ጭንቅላቴ ላይ ተጠብሶ አልቀረም?»

«የኔ ሰውዬ ባንቺ ምክር የተቆለፈ በር በማበጠሪያ ሊከፍት ሲል ማበጠሪያው ተሰብሮ ቁልፉ ውስጥ ቀረ። በመስኮት ነው የምንገባው እስካሁን!»

«ሽንኩርቱ ግን ሠርቷል» አለ አንድ ጎልማሳ ከኋላ። ሁሉም ዞረው አዩት። «ምን አላችሁ፣ ሠርቷል!»

 ጫማዬ እንዲያ እንደሆነ «ይቅርታ» አልኩ። አንዴ ስጀምር ደግሞ ማቆም አቃተኝ፤ ለፀጉሩ ይቅርታ፣ ለበሩ ይቅርታ... ነፍሰ ጡሯ ሴት ሳቀች። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ደጃፉ በሙሉ። ሹፌሩ ብቻ አልሳቀም። ሚጢጢን አቅፎ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል።

«ዘጠኝ ዓመት ነው ያነበብኩሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። የምታናግሪኝ ይመስለኝ ነበር።»

ይኸኛው ገባኝ። ስድቡ ሁሉ አልገባኝም ነበር፣ ይኸኛው ግን ገባኝ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ሚጢጢን አብሬው ዳበስኩ። 

ሐኪሟ ወረቀት ይዛ ወጣች። «የጉልቤ ውጤት።» ፊቷን አነበብኩት፣ ወረቀቱን አይደለም። እየሳቀች ነው። «ንጹሕ። አንድ ሳምንት እናያለን፣ ግን ንጹሕ። የጥጃውም ደህና ይሆናል፤ ሰዓቱ ሳያልፍ ደርሷል።»

አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?


እሑድ፣ የካቲት 16

ተኛሁ። ጉልቤም ተኛ። ጭራው በሕልሙ ሲወዛወዝ ዋለ። ከወገብ በታች።


ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዋና አዘጋጁ አስጠራኝ። ልብሴን አስተካክዬ፣ ለስንብት ተዘጋጅቼ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የደብዳቤ ክምር። «ሁለት መቶ አሥራ አንድ» አለ። «ግማሹ ስድብ ነው። ስድቡን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው።»

«ልልቀቅ ጋሼ?»

«የት ልትሄጂ? ያበላሸሽውን ማን ያስተካክላል? ከዛሬ ጀምሮ ያልሞከርሽው አይታተምም። የሠራም ያልሠራም ይጻፍ።» ክምሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፦ «ሬዲዮውን ሰምቼዋለሁ። እንዳትነግሪ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

«እንኳን አልሰማሽኝ» አለና መነጽሩን ፈለገ። ግንባሩ ላይ ነበር።

ለአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ ጻፍኩ። ሹፌሩን ከመስመር ወጣህ ብለው ለሦስት ቀን አግደውታል። ለካ ተሳፋሪዎቹ ቀድመውኛል። ሠላሳ አንድ ፊርማ፦ «እኛ ነን ንዳ ያልነው።» እገዳው ተነስቷል።


ቅዳሜ፣ የካቲት 22

አዲሱ ዕትም ወጣ። ሳጥኗ ውስጥ ሦስት ብልሃት አለ። ሁለቱ አይሠሩም። አንደኛው ወጥ ቤቴን በጭስ ሞልቶ አናጢውን ዳግመኛ ሦስት ፎቅ አስሮጦታል። ይኼንንም ጻፍኩት፣ አናጢው «አንድ ቀን ባገኘሁት» ያለው ሰው እኔ እንደሆንኩም ጭምር። አናጢው አንብቦ ለአንድ ሰዓት አላናገረኝም፤ ከዚያ ሚስቱን ይዞ ሻይ ሊጠጣ መጣ። ባለ ሮዝ ፖስታዋ ሐሙስ ከእኔ ጋር ነበረች፤ ሁለተኛውን አብረን ነው የሞከርነው። ረጅም ሴት ናት። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ «ነግሬሽ ነበር አይሠራም» እያለች፣ ብልሃቱን የላከችው ራሷ ሆና!

ዛሬ የጉልቤ የመጨረሻ ምርመራ ነበር። ጨርሰን ወጣን፣ በእግራችን የሰባት ቁጥር እስከሚያልፍበት ዋና መንገድ ደረስን። መጽሔት ሻጩ ጋ ሰው ቆሟል፣ እያነበበ። ሽሽት አማረኝ። ጉልቤን ብብቴ ሥር አድርጌ ጎንበስ ብዬ ላልፍ ስል ከኋላ ጥሩንባ። የሰባት ቁጥር፣ መንገድ መሃል ቆሞ፣ በሩን ከፍቶ።

«ግቢ!» አለ ሹፌሩ።

«ፌርማታ አይደለም እኮ እዚህ...»

«እንደገና ልታሳግጂኝ ነው? ግቢ ቶሎ!»

ገባሁ። ሁለት ሦስት የማውቀው ፊት አለ። ባለ እንቁላሏ ሴትዮ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

«እሺ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አውቶቡሱ ሁሉ እንዲሰማ። «ውጤቱስ?»

ጉልቤን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «ኩላሊቱ ከኔ ይሻላል!»

ጭብጨባ፣ ፉጨት። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «የሚጢጢም ትናንት ተነግሮኛል፣ ንጹሕ!» አለ፣ እንደገና ጭብጨባ። ከኋላ ያ ባለ ሽንኩርቱ ጎልማሳ፦ «በይ ንገሪን፣ በዚህ ሳምንት ምን አቃጠልሽ?»

ነገርኳቸው። ሳላጋንን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጋንን፣ እና የባሰ ሳቁ። አንዱ «እኔ እንደዚህ ባደርገውስ?» ይላል፣ ሌላዋ «ዝም በል አንተ፣ አታውቅም» ትላለች። ጉልቤ ጭኔ ላይ ሆኖ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይዞራል።

መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ ሄድኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ፣ ነዳ። እኔም አውርደኝ አላልኩም።